ዘንድሮ ተራዬ ነበር

ይድረስ ለእታለም፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? እማዬን ስታነሺ ስታስተኚ የያዘሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ምንም አይደል እያልሽ ታልፊዋለሽ? እማዬስ እንዴት ሰነበተች? የእግሯ እብጠት ጎደለላት? መድኃኒቷን ሳትነጫነጭ ትውጣለች? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል ወይስ አሁንም አንቺን እየጠራች ታድራለች? ያቺ ቀበጥ ልጅሽስ ትምህርቷን እንዴት ይዛለች? አጎታችንስ ራዲዮኑን አስጩኾ ከጎረቤት መጣላቱን ተወ? ባለቤትሽስ ይደውላል? ብቻ ሁላችሁም ሰላም ሁኑልኝ፤ ያላችሁበትን ሳስብ ውዬ ነው የማድረው።

እኔማ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር የተቀመጥኩት። ግን አንቺን ምን ብዬ እዋሻለሁ? ደህና አይደለሁም። በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ እማዬም ትስማ ብለሽ ድምፁን ስለምትለቂው ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ሃሎ ስትይኝ ነው እንባዬ የሚቀድመኝ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ክፉውን ወሬ ከፊት ላድርግልሽና ይውጣልኝ፦ እታለም፣ አልመጣም። የቡድን መሪነቱን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጡት።

ይህን ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። የባለቤትሽ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አንቺ እማዬን ጥለሽ መሄድ አቅቶሽ ቀረሽ። እህቴ እስክትመጣ ብቻ ነው አልሽው። እሱም ደግ ሰው ሆኖ ጠበቀ። ግን ሰው እስከ መቼ ይጠብቃል? ባለፈው ስንነጋገር ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አሁንስ ባል ያለኝም አይመስለኝ» ያልሽኝ ከአንጀቴ አልወጣም። ለዚህ ነው በእናንተው ከተማ ሆስፒታል፣ ከእማዬ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው፣ የካርድ ክፍል ቡድን መሪ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ኮሪደር ላይ ብቻዬን እንደ እብድ የሳቅሁት። አንዷ በሽተኛ «ልጄ፣ ምን አግኝተሽ ነው?» እስክትለኝ ድረስ! አገሬ ልገባ ነው አልኳት። ምን አስቸኮለኝ!

እንግዲህ የኛን ቤት አሠራር ላስረዳሽ፤ አለዚያ የተሠራብኝ ነገር አይገባሽም። እዚህ የደረጃ እድገት የሚገኘው በሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። በየስድስት ወሩ አለቃሽ ነጥብ ይሞላልሻል፣ ባልደረቦችሽም ይሞሉልሻል። ወረቀቱ ተገልጋይን በትሕትና ታስተናግዳለች ወይ፣ ሰዓት ታከብራለች ወይ፣ አዲስ ሐሳብ ታፈልቃለች ወይ እያለ ይጠይቃል። ካርድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ምን አዲስ ሐሳብ ይፈልቃል በይኝ? በመስኮቱ ቁጥር ትቀበያለሽ፣ ከመደርደሪያ ካርዱን ታወጫለሽ፣ አቧራውን አራግፈሽ ወደ ሐኪሙ ትልኪያለሽ። ካርዱ ከጠፋ ትሰደቢያለሽ፣ ከተገኘ ማንም አያመሰግንሽም። አዲሱ ሐሳብ ይኸው ነው።

ታዲያ የሰው ሀብት ክፍል ከአንድ ክፍል ከአንድ ሰው በላይ «እጅግ ከፍተኛ» ሆኖ ከመጣ ወረቀቱን ሁሉ ይመልሰዋል። እናንተ ቤት መላእክት ናቸው እንዴ የሚሠሩት እያሉ ያሾፉብናል። ስለዚህ እኛ በመካከላችን ተራ ገባን። የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ለእድገት የሚወዳደር ሰው ሲኖር ከፍተኛው ነጥብ ለእሱ ይሄዳል፤ ሌሎቻችን መካከለኛውን ይዘን ዝም እንላለን፣ እሱ ባለበት ቦታም ማንም አይወዳደርም። ነውር ነው። ትክክል ነው አልልሽም፤ እኛ ግን ተሳስበን የኖርነው በዚህ ነው። እኔም ዝም ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። መጀመሪያ ከመደርደሪያው ጫፍ ካርድ ለሚያወርደው ረጅሙ ሰውዬ፣ ልጆቹ በዝተውበት ስለነበር፣ ለቀቅኩለት። ቀጥሎ ለሳቂታዋ ለቀቅኩላት።

ሳቂታዋን መቼም ታውቂያታለሽ። ስሙን ያወጣችላት ራሷ እማዬ አይደለችም? ስልክ ስደውል ከኋላዬ ሳቋን እየሰማች ያቺ ሳቂታ ልጄስ ደህና ናት ወይ ትል የለ? የጠረጴዛ ጎረቤቴ ናት። ምሳችንን ከአንድ ሣህን ነው የምንበላው። ስታመም ቤቴ መጥታ ልብሴን ያጠበች፣ እኔም እናቷ የሞተች ጊዜ ከአጠገቧ ያልተለየሁ። እህትሽ ማን ናት ቢሉኝ ከአንቺ ቀጥዬ እሷን ነበር የምጠራው። ማስታወቂያው የወጣ ቀን ማመልከቻዬን አስተካክላ የጻፈችልኝ እሷ ናት። አንቺስ አትወዳደሪም ወይ ብላት፣ እኔ እዚያ አገር ምን ዘመድ አለኝ ብላ ሳቀችብኝ።

ምዘናው ሲደርስ አለቃችን ቅጾቹን ይዘው መጡ። እኛ በመካከላችን አቶ ይደርሳል ነው የምንላቸው፤ ምን ብትጠይቂያቸው መልሳቸው ይደርሳል ነውና። ወንበር ይደርሳል፣ ፈቃድ ይደርሳል፣ እድገት ይደርሳል። እሳቸው ሁልጊዜ ስብሰባ ስላለባቸው ባዶውን ቅጽ አስፈርመውን በኋላ ነው የሚሞሉት። ይህም እንደ ተራው ሁሉ ልማድ ሆኗል። ፈርሚ ልጄ፣ ዘንድሮ ያንቺ ነው አሉኝ። ሁሉም ሰምቷል። ረጅሙ ሰውዬ እንዲያውም አጨበጨበልኝ። እኔም ምን ገዶኝ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ፊርማዬን አሳምሬ አኖርኩላቸው። ነጥቡን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ሳቂታዋ ስለሆነች ቅጾቹን ሰብስባ አብራቸው ወደ ቢሯቸው ገባች። እኔማ ጭራሽ ደስ አለኝ! የኔ ሰው ናት፣ ባይሞሉልኝ እንኳ ታስታውስልኛለች ብዬ።

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ የወጣ ቀን ስሜን ከላይ ፈለግሁት፣ የለም። ከመካከል ፈለግሁት፣ የለም። ከታች አገኘሁት። አናቱ ላይ የሳቂታዋ ስም ተቀምጧል። ለቦታውም ተወዳድራ አልፋለች። ስሟን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ እታለም። በመስኮቱ በኩል በሽተኞች ቁጥራችን ተጠራ ወይ እያሉ ይጮሃሉ፣ እኔ ግን አልሰማም።

አቶ ይደርሳል ዘንድ ገባሁና ምን አጠፋሁ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ሰዓት አታከብሪም አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ከመስኮትሽ ትጠፊያለሽ፣ ስልክ ይዘሽ ደረጃ ሥር ትቆያለሽ፣ ማስረጃ አለ አሉኝ። እታለም፣ ይኼ እኮ እማዬ የወደቀች ሰሞን ነው! ጠዋት ጠዋት እደውልልሽ የነበረው፣ እንዴት አደረች እያልኩ። ደረጃ ሥር መሆኔን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አያውቅም። እሷው ናት ሂጂ ደውዪ፣ መስኮቱን እኔ እይዝልሻለሁ እያለች የምታስወጣኝ። እማዬ ተሻላት ወይ ብላ ከእኔ ጋር ያለቀሰች እሷው ናት። ያንኑ ነው ሄዳ ያስሞላችብኝ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የእናቴን ሕመም አንስታ መታችኝ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ሁሉም እኔ ለአንቺ ከፍ አድርጌ ነው የሞላሁት ብሎ ምሎልኛል። እንግዲህ ዝቅ ያደረገኝ ጠረጴዛው ነው ማለት ነው! ረጅሙ ሰውዬ ብቻ ዓይኔን ማየት አቅቶት ወደ መደርደሪያው ዞረና የማይፈለግ ካርድ ይፈልግ ጀመር። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድም ሄድኩ። ከሦስቱ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ይደርሳል ራሳቸው! ያልተስማማሽበት ላይ ለምን ፈረምሽ አሉኝ። ባዶ ነበር አልኳቸው። ባዶ ወረቀት ላይ ማን ይፈርማል ብለው ተገርመው ተያዩ፤ ሦስቱም በየክፍላቸው ባዶ የሚያስፈርሙ ሰዎች። ሲጨርሱ አቶ ይደርሳል እስከ በር ሸኙኝና አይዞሽ ተራሽ ይደርሳል አሉኝ። ሳቅ አፈነኝ መሰለሽ? ለቅሶ ነበር። ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤትም አቤት ብያለሁ፤ ግን ፊርማዬን ይዘው ነው የሚጠብቁኝ፣ ተስፋ አላደርግም።

እሷን ምሳ ሰዓት ላይ ካርዶቹ መካከል አገኘኋትና ለምን አልኳት። ጮክ ብዬ አይደለም። ትክዳለች ብዬ ነበር፤ አልካደችም። እኔም ማደግ አለብኝ አለች፣ እስከ መቼ የሰው ተራ ስጠብቅ እኖራለሁ አለች፤ እኔ የለቀቅኩላትን ረስታ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ፦ «የአንቺ እናት እህትሽ አለችላት። እህትሽ እንደሆነች ለምዳዋለች፤ ትንሽ ብትቆይ ምንም አትሆንም።»

ለምዳዋለች! ስለ አንቺ እኮ ነው፣ እታለም። ያንቺን ወገብ፣ ያንቺን ትዳር፣ ያንቺን ሌሊት ነው ለምዳዋለች ያለችኝ። ይህን ሁሉ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አንጀቴን ዘርግፌ የነገርኳት። በጥፊ ላጮላት ነበር፤ እጄ ካርድ ይዞ ስለነበር ነው የተረፈችው። የሰው በሽታ የተጻፈበትን ወረቀት መሬት ላይ አልጥልም ብዬ።

ጠብቂኝ፣ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል ልልሽ ፈልጌ ነበር። አፌ አልችል አለ። አንቺን ጠብቂ እያልኩ ስንት ጊዜሽን በላሁብሽ። የምነግርሽ መላ የለኝም፤ ማዘኔን ብቻ ነው የምነግርሽ። ሁለታችንንም ነው የሸጠችን፣ ያውም እየሳቀች።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ። ትናንት ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እማዬ በስልክ «አገራችን ከመጣሽ ቤቴ ቤትሽ ነው» ብላት ነበርና፣ ቤት እስክከራይ ድረስ ለአንቺ ባዘጋጁት ክፍል ባርፍ ምን ይመስልሻል አለችኝ። ለእኔ ብለሽ ቀለም ባስቀባሽው ክፍል! መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ። ዓይኗን ሳየው ከልቧ ነው። ጥፋቷ ራሱ አልታያትም፣ ወይም እኔ እንደ ወትሮው ዝም የምል መስሏታል። እኔም እሺ አልኳት። ለእህቴ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፣ በእጅሽ ስጫት፣ ሁሉንም ታስተናግድሻለች አልኳት። ደስ ብሏት አቀፈችኝ።

እንግዲህ እታለም፣ ይህን ፖስታ አሁን በእጇ የሰጠችሽ ሴት እሷ ናት። ይኼኔ ከፊትሽ ተቀምጣ፣ ሻንጣዋን ከእግሯ ሥር አድርጋ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ ፈገግ ብላ እየጠበቀችሽ ይሆናል። አታባሪያት። አትስደቢያትም፤ ያንቺ አፍ ለስድብ አልተፈጠረም። ከመንገድ ነው የመጣችው፣ ውሃ ስጫት። ክፍሉን ግን እንዳትሰጫት።

ለልጅሽ ሰላም በይልኝ፤ አክስቷ እመጣለሁ ያለችውን ቃሏን ያላከበረችው ወዳ እንዳልሆነ አንቺ አስረጂልኝ። አጎታችንን ሰላም በይልኝ፤ ራዲዮኑን ለአንድ ቀን ይዝጋና ከአጠገብሽ ይቀመጥ። ለባለቤትሽ ስትደውዪለት ስሜን ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ እኔ ለመደወል ፊት የለኝም። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ከዚያ እንግዳዋን ወደ አልጋዋ አቅርቢያትና ወንበር ስጫት። እማዬ በድምፅዋ ታውቃታለች፤ እጇን ይዛ ልጄ ትላታለች። ወዲያውም የኔዋስ መቼ ነው የምትመጣው ብላ መጠየቋ አይቀርም። ያኔ አንቺ እንዳትመልሺላት፣ እታለም። እሷ ትንገራት።

ታናሽ እህትሽ

ከካርድ ክፍል መስኮት ሥር
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በክረምቱ መግቢያ