የጭራሮ ዓሣ አርቢው የአቶ ሳህሌ ቀናው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሳህሌ ቀናው ከአባታቸው ከአቶ ቀናው ገብረ ሕይወት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ በላይነሽ ደስታ ጥር 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በአቃቂ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ያደጉት ከሐዲዱ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው የቤቱን ብቸኛ ሰዓት ፈታተው መልሰው ገጥመውታል። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ወደ ፊት ይቀድም ስለነበር እናታቸው የባቡሩን ፊሽካ እየሰሙ ያስተካክሉት እንደነበር ይነገራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቃቂ ተምረው፣ በማታ ትምህርት በመካኒክነት ሠለጠኑ። በ1967 ዓ.ም. በአካባቢው በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በውሃ ፓምፕ ክፍል ተቀጥረው፣ ከረዳትነት እስከ ክፍል ኃላፊነት ደርሰው፣ በ2008 ዓ.ም. በጡረታ እስከተሰናበቱበት ጊዜ ድረስ አገልግለዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደሚመሰክሩት፣ ደህና እየሠራ ያለ ፓምፕ እንኳ ቢሆን ጆሯቸውን አስጠግተው ሳያዳምጡና አንድ ብሎን ጠበቅ ሳያደርጉ አያልፉትም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ አቻምየለሽ ታደሰ ጋር ጋብቻ መሥርተው እየሩሳሌምን እና ዘአማኑኤልን አፍርተዋል። ልጆቻቸውንም ያሳደጉት እንደ ፓምፖቹ ነው። ቦርሳቸውን ይፈትሹ፣ ከመምህሮቻቸው ጋር ይሟገቱ፣ የጓደኞቻቸውን ወላጆች ሳይቀር ይጠይቁ ነበር። እየሩሳሌም ስታገባ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ የድንኳኑን ካስማ ነቅለው እንደገና ተክለዋል።

በ2009 ዓ.ም. ገላን ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ሥራ መፍታት ከበዳቸው። በቀጣዩ ዓመት ሳሪስ አቦ አካባቢ የጌጥ ዓሣ የሚሸጡት ወዳጃቸው አቶ ኑሪ ከድር የአየር ፓምፕ እንዲጠግኑላቸው ጠሯቸው። አቶ ሳህሌ ቱቦው ላይ የወደቀ ጭራሮ ሊያነሡ እጃቸውን ወደ ውሃው ሲሰዱ ጭራሮው ዋኝቶ ሄደ። አቶ ኑሪ ስቀው፣ «ጋሽ ሳህሌ፣ እሱስ አልተበላሸም» አሏቸው። በዚያው ዕለት ወንዱንና ሴቷን በፌስታል ይዘው ቤታቸው ገቡ። ወ/ሮ አቻምየለሽ ደግሞ «ለማገዶ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። የጭራሮ ዓሣ የሚለው ስም የወጣለትም በዚያ ቀን ነው።

አቶ ሳህሌ ሳሎናቸው ውስጥ የመስታወት አኳሪየም አቁመው ለዓሦቻቸው ዝኩኒ ይቀቅሉ፣ የቧንቧውን ውሃ በባልዲ እያሳደሩ ይቀይሩ ነበር። መብራት ሲጠፋ አየሩ እንዳይቋረጥም ፓምፑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝተውታል። የቀራቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ማየት።

ሴቷ እንቁላሏን መስታወቱ ላይ ጥላ ትሄዳለች። ወንዱ ግን እንቁላሉ ላይ ተለጥፎ በአፉ ይነካካዋል። አቶ ሳህሌ ይህን ሲያዩ እየበላው ነው ብለው ደመደሙና በመረብ አውጥተው ለብቻው አስቀመጡት። እንቁላሉም ነጭ ሻጋታ ለብሶ ጠፋ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው አደረጉ፤ የሆነውም እንደዚያው ነው። ለዓመታት ውሃውን ወቀሱ፣ ፓምፑን ቀየሩ፣ መጋረጃውን ዘጉ፤ መረቡን ግን አልጠረጠሩም። አቶ ኑሪ «ይተዉት፣ ሌላ ዓይነት ልስጥዎት» ሲሏቸው እምቢ አሉ። ወ/ሮ አቻምየለሽም «አንተ ካልነካካኸው የሚኖር ነገር የለም እንዴ?» ይሏቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን ሴቷ እንደገና ጣለች። አቶ ሳህሌ ከአልጋቸው ደውለው ወንዱ በመረብ እንዲወጣ አዘዙ። ወ/ሮ አቻምየለሽ ዓሣ መንካት ይቀፋቸው ስለነበር «አውጥቼዋለሁ፣ አንተ ተኛ» አሏቸው። አላወጡትም ነበር። ቁስላቸው ቶሎ ባለመድረቁ ቆይታቸው ረዘመ። ወደ ቤት ሲመለሱ የክር ቁራጭ የመሰሉ ጫጩቶች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አገኙ፤ አባትየውም እዚያው አጠገባቸው ነበር። አቶ ሳህሌ ኮታቸውን ሳያወልቁ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቆዩ።

«አልነካሽውም?» አሉ በመጨረሻ።

«አልነካሁትም።»

ወንዱ የተበላሸውን እንቁላል እየለየ፣ ደህናውን እያጸዳ ይጠብቅ እንደነበር የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ጤናቸው ሲመለስ መረቡን ወስደው ለአቶ ኑሪ ሰጡ። በዚያው ዓመት ዘአማኑኤል ቋሚ ሥራውን ለቆ የራሱን ጋራዥ ለመክፈት ሲያስብ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የአባቱን ቁጣ ይጠብቅ ነበር። አቶ ሳህሌ ሰምተው ሲያበቁ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አሉት። ዘአማኑኤል ያመማቸው መስሎት እናቱን ጠይቋል።

ዛሬ ከገላን እስከ ኮዬ ፈጬ በብዙ ቤት የሚገኘው የጭራሮ ዓሣ ከእሳቸው ሳሎን የወጣ ነው። ለሚወስድ ሁሉ ምክራቸው አጭር ነበር፤ ጫጩቶቹ ረኀብ አይችሉምና ዝኩኒው አይጥፋ፣ አባትየውን ተዉት።

አቶ ሳህሌ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው፣ በመጨረሻው ሰሞን አልጋቸው ወደ ሳሎን እንዲወጣላቸው ጠየቁ። በዚያው ሳምንት ሴቷ በፊተኛው መስታወት ላይ ጣለች፤ ወንዱም ተቀመጠበት። ይህን አይተዋል። ሲፈለፈል ግን አልደረሱበትም። ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ ሲሆን፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

አቶ ሳህሌ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁን፣ ዛሬም ለምትሸኟቸው ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። እጃቸው ብዙ የደከመውን አባታችንን እርሱ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ለቅሶ የምንቀመጠው ገላን ኮንዶሚኒየም በመኖሪያ ቤታቸው ነው። የእድሩ ሰዎች ቦታ ለማስፋት ሶፋውንና ቁም ሳጥኑን ሲያወጡ አኳሪየሙንም ሊያነሡት ነበር፤ ወ/ሮ አቻምየለሽ «እሱ አይነካም» ስላሉ ባለበት ቀርቷል። ለቅሶ ለመድረስ የምትመጡ መስታወቱን ባለመደገፍ፣ ገመዱንም ከሶኬቱ ባለመንቀል እንድትተባበሩን በትሕትና እንጠይቃለን። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የማይንቀሳቀስ ጭራሮ ብታዩ ሞቷል ብላችሁ እንዳታነሡት። አባትየው ነው፤ እስኪፈለፈሉ ድረስ ከዚያ አይነሣም።