ሰማንያ ሜትር የጎደለው ኬብል

ሰኞ፣ ግንቦት 15

አጠረ። ሁለቴ ለካሁ፣ ጌትነትም ለካ፣ ያው አጠረ። ከጎንደር ተነስቶ ያን ሁሉ ተራራ የዞረው የፋይበር ኬብል ዛሪማ አፋፍ ላይ ሲደርስ ከከተማው መስመር ጋር ሊጋጠም ሰማንያ ሜትር ጎደለው። ጌትነት ሾፌራችን ነው፤ ቴክኒሻን ሲያመላልስ ኖሮ በሙያው ከእኔ ሳይሻል አይቀርም። "ሀያት፣ ብትቆጪው አይረዝም" አለኝና መኪናው ጥላ ሥር ተኛ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ሌላ ጥቅል ኬብል ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል አለ። የፋይበሩን ጫፍ ከጫፍ የሚያጋጥመው ማሽን ደግሞ በዞኑ አንድ ብቻ ስለሆነ እሑድ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። "እስከ ቅዳሜ ካልበራ ከክረምት በኋላ ነው።" ክረምት ሲገባ የሊማሊሞ ገደል ይናዳል፣ መንገዱ ለጭነት ይዘጋል። የዛሪማ ሰው አንድ ቅጽ በኢንተርኔት ለመሙላት ደባርቅ ድረስ አውቶቡስ እየተሳፈረ ይከርማል ማለት ነው። ቡድን ስመራ ደግሞ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ማታ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ ደክሞኝ ተውኩት።

ለነገ፦
– ቦዩ ከካርታው ለምን ረዘመ? ከላይ እስከ ታች በእግር ማየት።
– ለአባዬ አለመንገር።
– ጫማ ማሰፋት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16

ተገኘ። በካርታው ላይ ቦዩ አንድ የማሽላ ማሳ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። እኛ የቆፈርነው ግን ማሳውን በጠርዙ ዞሮ ነው። ቆፋሪዎቹ ምን ያድርጉ፣ ቀያሾች በመጋቢት የተከሉትን ቀይ ጫፍ ችካል ተከትለው ነው የቆፈሩት። ችካሉ ራሱ ነው ቦታውን የለወጠው።

ባለ ማሳውን፣ አያ መልኬን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ አገኘናቸው። ችካሉን ማን እንዳዛወረው ስጠይቅ "እኔ ነኛ" አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ።

"ምነው አያ?"

"በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ እንዲህ ያለ ችካል ማሳዬ መሃል ተተከለ። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ የሰው ሆነ። አሁን ደሞ መጡ፣ ተከሉ፣ ምንም ሳይሉ ሄዱ። እኔም ጎረቤቴን ታፈረን ጠራሁት፣ ሦስት ሽማግሌ አስቀመጥን፣ በምስክር ፊት ወደ ድንበራችን አዛወርነው። ነቅሎ መጣልማ ነውር ነው፣ የመንግሥት ዕቃ ነው።"

አንድም አልጠፋም። ርቀቱን እንኳ በገመድ ለክተው እኩል አድርገው ነው የተከሉት። ከእኛ ቀያሾች ይልቅ ቀጥ ብሏል። መቆጣት ነበረብኝ፤ ጌትነት ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

ማሳውን ቀጥ ብለን እንድንቆፍር ለመንኳቸው። መሬቱ ተዘርቷል አሉ። ደግሞም ሆዱ ውስጥ የመንግሥት ዕቃ የተቀበረበት መሬት ነገ የማን ይባላል አሉ። በዚያ ላይ ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ስለ ቁፋሮ ማውራትም ደስ አላላቸውም። "ነገ ነይ። ሽማግሌዎቹም ይኖራሉ።"

አንድ ቀን ሄደ። አራት ቀረኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ዛሬን መጻፍ ደስ ይላል።

ሽማግሌዎቹ አያ ታፈረ ግቢ ተሰበሰቡ። አያ መልኬ "በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ምንድን ነው?" ብለው ጀመሩ። ብርሃን ነው አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። የከተማ ሰው ሲዋሽ እንኳ በልክ አይዋሽም የሚሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ መስመር የምንፈትሽበትን ቀይ መብራት ለጌትነት ሰጥቼ ወደ መጨረሻው ጥቅል ላይኛው ጫፍ፣ ከተራራው ማዶ ላክሁት። እኔ የታችኛውን ጫፍ ይዤ ቀረሁ። ፀሐዩ ስለሚያጥበረብር አያ መልኬ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ፣ እኔም ከሥር ገባሁ። ወደ ዓይንዎ እንዳያስጠጉት፣ መዳፍዎን ዘርጉ አልኳቸው። ለጌትነት ደወልኩ።

መዳፋቸው መሃል የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ ቁጭ አለች።

መዳፋቸውን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወስደው "አጥፋው" አሉት ጌትነትን። ጠፋች። "አብራው።" በራች። ሽማግሌዎቹ በየተራ ጋቢው ውስጥ ገቡ። ጌትነት ግማሽ ሰዓት ሲያበራና ሲያጠፋ ቆየ፤ ማታ ጣቴ ደነዘዘ ብሎ ሲነጫነጭ ነበር።

ከዚያ ወረቀት። ኬብሉ ከሥር ያልፋል፣ መሬቱ ግን ዛሬም ነገም የአያ መልኬ ነው ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬን በስልክ አስፈቅጃለሁ፤ ማኅተሙን እኔው አመጣዋለሁ አለ። ሁሉም አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። አያ መልኬ ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ቆፋሪዎቻችን ስድስት ናቸው፣ ሦስት ቀን ይፈልጋሉ። ይሄን ስናገር አያ መልኬ ሳቁብኝ። "ችካሉን ያዛወርሁት እኔ፣ ደቦውን የምጠራውም እኔ። ምሳውን ለኛ ተይው።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 18

እጄ ውኃ ስለቋጠረ ብዕር አያስይዝም። በአጭሩ።

ሠላሳ ሰባት ሰው ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዶማው በዜማው ልክ ይወርዳል። አያ መልኬ ከላይ ከታች እየተመላለሱ ዘር ያለበትን አፈር በአንድ ወገን፣ የሥሩን በሌላ ወገን አስደረጉ፤ ሲመለስም በየተራው እንዲመለስ። እኔም ዶማ ያዝኩ፤ ሴቶቹ አያያዜን አይተው ዘፈን አወጡልኝ። ቃሉን አልጽፈውም።

ፍየል ታርዶ ነበር። እኔ የእስላም ልጅ መሆኔን ሰምተው የአያ መልኬ ባለቤት ወተትና ማር በአዲስ ዕቃ ለብቻዬ አመጡልኝ። ማሩ ከነሰፈፉ። ከጌትነት ፍየል አይለወጥም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ኬብሉን ከአሮጌው ቦይ ስበን በአዲሱ ዘረጋነው። ሦስት ሜትር ተረፈ። የቀረውን ጫፍ አቅፌው ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ድንኳን ውስጥ። ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ጫፍ ከጫፍ ማጋጠም፤ ነፋስ፣ አቧራ፣ ላብ። ሃያ አራት ክር ነው። ሰባተኛው ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። በአራተኛው ቢስሚላህ ስል ያዘልኝ። የመጀመሪያዎቹንስ ሳልል ጀምሬ ነበር ማለት ነው? ራሴን ታዘብኩት።

ጌትነት ለአባዬ አውርቷል። አባዬ ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ነው የኖረው። ደወለ። "ዕድሜዬን ሙሉ በሜትር ስለካ አንድ ስንዝር ጎድሎብኝ አያውቅም። አንቺ አንዴ ለካሽ፣ ሰማንያ ሜትር።" እየሳቀ ነበር። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ በልተሻል ወይ አለኝ።

ነገ ይበራል? ኢንሻአላህ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20

በራ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ። አልሐምዱሊላህ።

ትምህርት ቤቱ ዐሥር ኮምፒዩተር አለው፤ ሁለት ዓመት ጨርቅ ለብሰው መስመር ሲጠብቁ የኖሩ። ዳይሬክተሩ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ገፎ አጣጠፋቸው። የመጀመሪያው ገጽ ሲከፈት እኔም አለቀስኩ፤ የሰኞው ዕንባ ነው፣ ቆይቶ መጣ። ተማሪዎቹ ወዲያው ተሻምተው ወንበር አስለቀቁኝ።

አያ መልኬ ለገበያ ወርደው ኖሮ በትራቸውን ይዘው ገቡ። "እንግዲህ ሸጋ ነገር ካለው አሳዪኝ" አሉ። ምን ላሳያቸው? ከሰማይ የተነሳውን የምድር ሥዕል ከፈትኩ። ዛሪማ፣ አስፋልቱ፣ ጠመዝማዛው፣ አፋፉ። ጣሪያቸውን ከእኔ ቀድመው አወቁት። ቀጥሎ ማሳው፤ ሥዕሉ ቆየት ያለ ነው፣ የእኛ ቦይ የለበትም። በጣታቸው ድንበሩን ተከትለው ዞሩ። አንድ ወገን፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

ከታች በኩል የድንበሩ የድንጋይ ካብ እንደ ክር ይታያል። እርሻቸው ካቡን አልፎ ወደ አያ ታፈረ ገብቷል። ብዙ አይደለም፣ ጥቂት ትልም ነው። በየዓመቱ አንዳንድ እየተጨመረ መሆን አለበት።

ወደ በሩ ተመለከቱ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር፣ "ይሄን ታፈረ ያየዋል?"

"ከዛሬ ጀምሮ ማንም ያየዋል፣ አያ።"

በበትራቸው ወለሉን ትንሽ ቧጠጡ። ጢማቸውን ያዙ። ፊታቸው ላይ ሳቅ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ።

"እንግዲያ ሳያየው ራሴ ልንገረው" አሉና ተነሱ።

ይሄን የምጽፈው ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከገበያው መሃል "ታፈረ! አንተ ታፈረ!" ሲሉ ይሰማኛል። ጌትነት ማሽኑን ጭኖ ጥሩንባ እየነፋ ነው፣ ሊማሊሞን በጊዜ እንውጣ ይላል። ይንፋ። አያ ታፈረ ምን እንደሚሉ ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም።