መዳብ የተቀባው ሽቦ

ለልጄ ለፀሐይነሽ፣ ሞጣ

የክርስትና ልጄ ታዘበው አታለለኝ፤ መዳብ የተቀባ ብረት ሸጠልኝ። ሰላምታዬን ወደ ኋላ ያደረግሁት ንዴቴ ስላልበረደ ነውና አትቀየሚኝ። እንደምን ሰንብተሻል? እኛ፣ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን።

ሽቦውን የገዛሁት ለሬዲዮዬ አንቴና ነው። የማንንም ሽቦ ማግኔት ሳላስጠጋ አልገዛም፤ ብረቱን ይስበዋል፣ መዳቡን ይተወዋል። የክርስትና ልጅን ዕቃ መፈተን ግን ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ዝናቡ ሲበረታ ዛገ። ባለፈው እሑድ ዜና አንባቢው «ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ…» እንዳለ ነፋስ በጠሰውና ሬዲዮው ጭጭ አለ።

ሱቁ ሄጄ ሽቦውን ፊቱ ወረወርኩት።

«አባዬ፣ ለአንድ ዜና ይህን ያህል? ነገ ይደግሙት የለም?» ብሎ ሳቀ።

«እስኪ አንተ ድገመው! መንገዱ ምን ሆነ?» አልኩት። ሳቁን ዋጠ።

አሁን ከተቃጠለ ዲናሞ የፈታሁትን መዳብ፣ ጫፉን በቢላ ፍቄ፣ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የመንገዱን ወሬ እስክንሰማ ሬዲዮው ጠዋትም ማታም አይዘጋም። ባትሪ ጨረስክ እያለች ስትጨቀጭቀኝ የኖረችው እናትሽ፣ ሰሞኑን ራሷ ባትሪ ገዝታ መጣች።

ይህን ደብዳቤ በእግሩ የሚመጣው ነጋዴ አስናቀው ያደርስልሻል። መልሱን በራስሽ እጅ ጻፊው፤ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ። ቢያጥርም አልቆጣም። እሱ በቸር ያገናኘን።

የጨነቀኝ ሽቦው አልነበረምና የታዘበውን ነገር ከእንግዲህ አላነሣውም። አንቺም ስትመጪ እንዳትጠይቂኝ።

አባትሽ አካለ ወልድ፣ ከቢቸና