ሦስተኛው ጆሮ

ጥቅምት 7 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ዛሬም እንደ ወትሮው። ሁለት ሰዓት ላይ የስልክ ማዞሪያውን ከፈትኩ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፣ ጅማን ጠራሁ። በሦስተኛው ጥሪ አነሣች። መስመሩ ይንሿሿል። ገበያ ነው፣ ለዚያውም የቡና ለቀማ ገብቷል፤ ወረፋው ከበሩ አልፎ ደጅ ወጥቷል።

ሀጂ ሸኩር ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ላለችው ልጃቸው ለሱሀይላ ደወሉ። አንዱ ሌላውን አይሰማም። እንደተለመደው መሐል ገባሁ።

«እናትሽ ጥርሷን ተነቅላለች ይሉሻል።»

«ስንት ጥርስ? ትልዎታለች።»

«ሁለት ይሉሻል። አንደኛው ግን ያለ ጥፋቱ ነው።»

ሱሀይላ በሳቅ ፈረሰች። ሳቅን ለአባት በምን አደርሳለሁ? «እየሳቀች ነው ሀጂ» አልኳቸው። ለሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነኝ። የሰው ቃል በእኔ አፍ ያልፋል።

ቀጥሎ ፋሂም፣ የሒሳብ መምህሩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ጅማ ሊያ የምትባል ሴት ያነጋግራል። ዛሬ ድምፅዋ አልደረሰውም። «ሦስት መቶ አስር ትልሃለች» አልኩት። ከስልክ ሳጥኑ ውስጥ «ሦስት መቶ አስር ደረስን?» ብሎ ጮኸ።

የሳጥኑ በር አይዘጋም፤ መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆየ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲገባ ወረፋ ያለው ሁሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ምንም ይንጫጫል። ላለመስማት። ማንም አላዘዛቸውም፣ የዚህ ከተማ ጨዋነት ነው። ዛሬ ግን ፋሂም ከጫጫታው በላይ ጮኸ። ሁሉም ዝም አለ።


ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ብረቱ መጣ። ሁለት ከባድ መኪና ሙሉ። ኮረብታው ላይ አንቴና ሊተክሉ ነው፣ የሞባይል። ጎረቤታችን የቡ ከተማ ከገባ ቆየ፣ እንግዲህ ተራው የእኛ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ አየሁ። አንዱ ሠራተኛ በብረቱ መሐል እንደ ጦጣ ይወጣል። ከታች ትንሽ ሆነ፣ ከዚያ ነጥብ ሆነ። የሰው ድምፅ ገመድ ሳይነካ በዚህ ያልፋል አሉ። በምን ላይ ተቀምጦ? በአየር። አየሩን አየሁት። ምንም የለበትም።


ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ዙቤይዳ ሻይ ቤት ወሬው ሁሉ አንቴናው ነው።

አንዱ የቡና አበባ ያረግፋል አለ። ሌላው መብረቅ ይጠራል። ዙቤይዳ ብርጭቆ እያጠበች፣ «የእኔ ስጋት ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ባሌን የት ነህ የምለው ቤት ሲመጣ ነበር። አሁን ጫት ቤት ቁጭ ብሎ መስጊድ ነኝ ይለኛል።»

ፋሂም ጥግ ተቀምጦ ነበር። «ሱብሃነላህ፣ ከቡና ዛፍ ሥር ሆኖ ብቻውን ማውራት… ማንም ሳይሰማ» አለ።

«ማንም ሳይሰማ?» አሉ ሀጂ ሸኩር ወደ እኔ እያዩ። «ሚቲ፣ አይደለም! ድሮ የምትሰማው ሸዋ ነበረች፣ እናውቃታለን። ወደፊት የሚሰማውን አናውቀውም።»

«የማያውቀኝ ይስማኝ፤ የሚያማኝ የሚያውቀኝ ነው» አለች ዙቤይዳ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አዴ ሸዋ፣ ለመሆኑ ትሰሚ ነበር?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አልኳት ዙቤይዳን። ሳቁ። ግን ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።


ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ከተማ የሚባለው ሰውዬ መጣ። መሥሪያ ቤቱን አልነገረኝም። አልጠየቅኩም። ወረፋው እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ጋዜጣ አጣጥፎ።

«መምህር ፋሂም ይደውላል አይደል፣ እትዬ ሸዋረገጥ?»

«ሁሉም ይደውላል።»

«ሐሙስ ሐሙስ።»

«ሐሙስ ገበያ ነው።»

ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ እሱ ነው የከበደኝ። «ሦስት መቶ አስር ደረስን ብሏል። ሻይ ቤት ደግሞ ማንም ሳይሰማ ብሏል። የቀበሌ ምርጫ እየመጣ ነው። ሦስት መቶ አስር ምን? ሰው?»

ገመዶቹን ማስተካከል ያዝኩ።

«ሐሳቡን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ቃል በቃል አይደለም። ማዞሪያው ሲዘጋ ጅማ አንድ ሰው ያስፈልጋል አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። እናስብበት።»

ሄደ። ጋዜጣውን ረሳው።

ሥራ ስጀምር ያሠለጠኑኝ አቶ ፈለቀ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ጆሮሽ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አፍሽ ግን ያንቺ ነው» ይሉ ነበር። መስመሩ መጥፎ ነውና መስማቴ አይቀርም። የሰማሁትን ግን እዚያው ወንበሬ ላይ ትቼ እወጣለሁ።

ሦስት መቶ አስር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፖለቲካ አይደለም። የሕመም ነገር ነው። ከዚህ በላይ ለዚህ ደብተርም አልሰጥም።


ጥቅምት 19

ወጡን ጨው አበዛሁበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ፋሂም ከጥርጣሬ ይወጣል። በዚያው አፍታ ከተማው በሙሉ በሽታውን ያውቃል። ከእስር አድኜ ለሐሜት ልስጠው? ዝም ብልስ… ቢያስሩት?


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ፋሂም መጣ። ወረፋው ላይ የማላውቀው ጎረምሳ ቆሟል፣ የማይደውል።

«መስመር የለም» አልኩ። መስመሩ ግን ነበረ። ጅማ በጆሮዬ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች።

በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ውሸቴ ነው። ፋሂም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ጥሪ እንዴት እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ጎረምሳውም ወዲያው ወጣ።


ጥቅምት 22

አንቴናው ቆመ። ወደ ማታ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት በራ። መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ቀጥ ብሎ አየ። አህያ የሚነዳው አህያውን አቆመ። ከሰላቱ የወጡት ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። እኔ ሳላስበው አማተብኩ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «አላሁ አክበር» አሉ፣ በለሆሳስ። ተያየን። ሁለታችንም ትንሽ አፈርን።


ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ያ ከተማ የሚባለው ሰውዬ ተመለሰ።

«ምንም ክፉ ነገር ከሌለው ይኸው ይበሉኝ፣ ነፃ ይወጣል። ምን አለበት?»

አለበት። እንዲህ ሲል ነው የሚያስፈራው። እውነቱ ራሱ ፋሂምን ይጎዳዋል።

«የመስመር ብልሽት ካለ ልንገርዎት። ከዚህ ሳጥን የወጣ ሌላ ነገር እኔ ዘንድ የለም።»

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤውን ለሚገባው ይጻፉለት።»

ያን ቀን የረሳውን ጋዜጣ መለስኩለት። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «እንግዲያው የዛሬ ሳምንት እንጠራዋለን» አለ።


ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ፋሂም ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ ወጣ። ከዋርካው ሥር ቆምን።

«ስለ አንተ ሰው ጠይቆኛል። ሰኞ ሊጠሩህ ነው።»

«ምን ጠየቁ?»

«ሦስት መቶ አስር ምን እንደሆነ። የፓርቲ አባል መስሏቸዋል።»

ሊስቅ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እርስዎ ምን አሉ?»

«ምንም።»

«ደግነቱ እርስዎም አያውቁትም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ኳሷ ወደኛ መጣች፣ አንዱ ልጅ ወሰዳት። ፋሂም አላያትም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት… በጾም ስንቴ እቤትዎ ሽሮ በላሁ። ከአንድ ትሪ።»

«አዎ።»

«እያወቁ።»

«እያወቅሁ ነዋ። ሽሮው የታል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

በጠመኔ የነጡ ጣቶቹን አየ። «የሒሳብ መምህር ሆኜ መቁጠር አቅቶኛል። እኔና ሊያ ብቻ እናውቃለን ብዬ፣ ሁለት እያልኩ ነበር የምቆጥረው።» ከዚያ ዓይኔን እያየ፣ በዝግታ፣ «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» አለ። ያለ ስልክ ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። ራሱ ስለተናገረው እዚህ ጻፍኩት። ሦስት መቶ አስር በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከለው ሴል ቁጥር ነው፣ በጨመረ ቁጥር ይሻለዋል፤ ሊያ ደግሞ የምትከታተለው ነርስ ናት። መድኃኒቱን ሲጀምር መቶ አርባ ነበር።

«ልንገርልህ?»

«አይሆንም እትዬ። እኔው እነግረዋለሁ። የሕክምና ካርዴን ይዤ እሄዳለሁ።»

አስፋልቱን ይዤ ስመለስ ደረቴ ሞልቶ ነበር። ፍርሃት አይደለም። ሰው እንዲህ ሲጠነክር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።


ኅዳር 2፣ ሰኞ

ፋሂም ተጠርቶ ጠዋት ገባ። ከምሳ በፊት ወጣ። በቀጥታ እኔ ጋ መጣ፣ የተሰለፉት እስኪጨርሱ ጠበቀ።

ሰውዬው ካርዱን ከፊት ከኋላ አነበበ አለኝ። ደግሞ አነበበ። «ሦስት መቶ አስር ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ፋሂም ከመቶ አርባ ተነሥቶ ነው ብሎ መለሰ። ሰውዬው «ተመስገን» አለ። ይቅርታ አልጠየቀም። ካርዱን ግን በሁለት እጁ አድርጎ መለሰለት።

«ሌላስ?»

«ስወጣ፣ ሴትየዋ ይሄን ታውቅ ነበር? አለኝ። ታውቅ ነበር አልኩት። መስኮቱን ማየት ጀመረ።»

ይናገር ይሆን? ማን ያውቃል። በሁለት እጅ የመለሰ ሰው አይናገርም እላለሁ። ፋሂም ግን፣ «እናቴ ከሰው አፍ እንዳትሰማ» አለ። እናቱ እትዬ መድና የሚኖሩት ደዶ ገጠር ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። እሳቸውን ከሰውዬው ይልቅ ይፈራቸዋል።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኔትወርክ ገባ።

ሀጂ ሸኩር ሱሀይላ የላከችላቸውን ሞባይል ይዘው እኔው ጋ መጡ። ልማድ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ሸዋ፣ ሱሀይላን አገናኚኝ» አሉ፣ ወደ ስልኩ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ቁጥሩን ነክቼ ሰጠኋቸው። ጠራ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። አገጫቸው ወረደ። «ትስቃለች… ሳቋ ይሰማኛል ሸዋ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ማስተላለፍ ያቃተኝን በአንድ አፍታ አደረሰው።


ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ማዞሪያውን ነቀሉ። ሁለት ቴክኒሻኖች ከጅማ መጡ። ሠላሳ ቀዳዳ ነበረው፣ እያንዳንዱን የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አልጋ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የሀጂ መጋዘን… ከመጫኑ በፊት በጨርቅ ወለወልኩት። አንዱ ቴክኒሻን «ለቁርጥራጭ ነው እኮ እማማ» አለኝ። ይሁን።

የጅማው ሥራ ለሌላ ሰው ሆነ። ሰማሁ እንጂ ማንም አልነገረኝም። ዙቤይዳ ከበሯ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ሰጠችኝ፣ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። «ጆሮሽ ይረፍ» አለችኝ። አርፏል። ጸጥታው ግን እንዴት ይከብዳል።


ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ከገዛሁት ሳምንቱ ነው። የሌላ ሰው መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው የለም።

እስከ ዛሬ የጮኸ ስልክ ሁሉ ለሌላ ሰው ነበር። ለእኔ ሲደወል ይህ የመጀመሪያው።

ፋሂም ነው። ደዶ፣ ከእናቱ ቤት በላይ ካለው ኮረብታ።

«ብቻዎን ነዎት እትዬ?»

«ብቻዬን ነኝ። አንተስ?»

«አይደለሁም።»

ትንፋሹ ተሰማኝ። ንፋሱ ተሰማኝ፣ የደዶ ንፋስ በጆሮዬ ውስጥ። ከሩቅ የሚጮህ በሬም ነበረ። ይህ ሁሉ ነገር በዚያ ባዶ አየር ውስጥ አልፎ… ቆሜ ቀረሁ።

«ነገርኳት» አለ። «አለቀሰች። ከዚያ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ነው አለችኝ። ጠዋት ሁለትና ማታ ሁለት ነው ስላት ዶሮዋን ትታ ሰዓት ፍለጋ ጎረቤት ሄደች። ይኸው፣ ላነጋግራት ብላለች። ይያዟት።»

እትዬ መድና አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። በኦሮምኛ ነው የተነጋገርነው። ሞባይል ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው መሰለኝ፣ ኮረብታውን አቋርጦ እንዲደርሰኝ ይጮሃሉ።

«ሸዋ! አካም ጅርታ?»

«ደህና ነኝ እትዬ መድና። አይጩሁ፣ ይሰማኛል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በጣም ዝቅ። ጆሮዬ ሥር ያሉ መሰለኝ። «እኔ እናቱ ሳላውቅ፣ አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ተሸከምሽው?»

እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሰው ቃል ስንት ሺህ ጊዜ አመላልሻለሁ፣ የራሴ አንድ ቃል አልወጣ አለኝ።

«ሸዋ? አለሽ?»

«አለሁ» ልል ስል ተቋረጠ። ኔትወርክ።

እጄ ገመድ ፍለጋ ወደ ፊት ሄደ፣ በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ መነጽሬን አደረግኩና ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካሁ ራሴ ደወልኩላቸው።