ሎርዱና የአባቴ ቦታ

ማክሰኞ

ዕጣ ወጣ። ለሁለተኛ ዲግሪው ሴሚናር እያንዳንዳችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ለአንዱ ሱልጣን፣ ለሌላው ጄኔራል ደረሰው። ለእኔ የእንግሊዝ ሎርድ! በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ከሚሴ ውስጥ ከእኔ በቀር ስሙን የሰማ የሌለ። ሰኞ ደሴ ሄጄ አቀርባለሁ።

እስካሁን ያገኘሁት፦ አባቱ ሲሞት ገና ተማሪ ነበር። ርስቱን፣ ማዕረጉን፣ በሎርዶች ምክር ቤት ያለውን ወንበር ባንድ ላይ ወረሰ። ፈለገም አልፈለገም። ምክር ቤት ገብቶ ሰባት ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለሚስቴ ለዘሀራ ነገርኳት። "ሰባት ዓመት ዝም ያለ ወንድ? ወላሂ አድራሻውን ስጠኝ" አለች። እኔ ክፍል ውስጥም ቤት ውስጥም አፌ አያርፍም።

ከሰዓት አጎቴ ሸህ ዑመር መጡ። ያው ነገር። አባቴ አበጋር ነበር፤ የቆላውና የደጋው ሰው ሲጋጭ መሐል ተቀምጦ የሚያስታርቅ። ከአባቱ ወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ። ከሞተ ሦስት ወሩ፣ ቦታው ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ እኔን ይላሉ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እላለሁ።

ረቡዕ

አሚና ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ባሏ ያሲን የጨፋ ሮቢት ገበሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ግመሎች ማሽላው ውስጥ ገቡበትና ከባለቤታቸው ከቆላው ሰው ከሐመዱ ጋር ተደባደበ። የሐመዱ እግር ተሰበረ፤ ሆስፒታል ተኝቷል። ወንድሞቹ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ይመጣሉ። ያሲን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣም።

"ጠባቂ አጥቶ ማሽላውን ወፍ ሊጨርሰው ነው" አለችኝ። "እሁድ አንቱ ካልተቀመጡልን ደም ይፈሳል፣ መምህር።"

ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ አልኳት።

"ፍርድ ቤት ያሲንን ያስርልኝ ይሆናል። ከወጣ በኋላስ?"

አፈርኩ። እሁድ እመጣለሁ አልኳት። እንደማንም ሰው፣ ከዳር ሆኜ።

ሐሙስ

ሎርዱ ሚኒስትር ሆነ። ለቀቀ። እንደገና ሆነ። እንደገና ለቀቀ። ሪህ ያዘው።

ደስ ያለኝ ይሄኛው ነው። አንድ ቀን ምክር ቤቱ ገብቶ ከተቃዋሚዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም፣ ተቀመጠ ብቻ። ንጉሡ ሰምቶ ተቆጣ፤ ሎርዱም ከዚያ ወዲያ ሹመት አላየም። ጉድ እኮ ነው! ሰው በተናገረው እንጂ በተቀመጠበት ይፈረድበታል? "ቦታውን የቀየረው ለሥልጣን አስልቶ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ምንጭ የለኝም፣ ግን ያስኬዳል።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሸህ ዑመር መስጊዱ በር ላይ ያዙኝ። አንቱ ለምን አይቀመጡም አልኳቸው። "እኔ ታናሽ ነኝ። ጆሮዬም ግማሽ ነው" አሉ። "አብሽር፣ አላህ ያግዝሃል።"

የምፈራው፣ ለራሴ ብቻ፦

አባቴ ሰው ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ቀኑን ሙሉ ዝም ይል ነበር። እኔ አምስት ደቂቃ አልችልም።

የአባቴን ዱዓ ሰው ይፈራው ነበር፤ የእኔን ማን ይፈራል?

ብሳሳትስ? ይሄ እንደ ፈተና ወረቀት ታርሞ አይመለስም።

ቅዳሜ

ጽሑፉን ጨረስኩ። ሎርዱ ልጅ አልነበረውም፤ ማዕረጉ ለአጎቱ ልጅ ሄደ። በአንድ አንቀጽ ሞተ።

ዘሀራ አባቴ ለማስታረቅ ሲቀመጥ የሚይዘውን ዘንግ ከበር ኋላ አውጥታ ወልውላዋለች።

እሁድ

ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሰንበቴ ልንደርስ ስንል የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። የቀረውን በእግሬ፣ ግማሹን በሩጫ። ስደርስ ሰዉ ከገበያው ዳር ዛፍ ሥር ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ያሲን ባንድ ወገን አንገቱን ደፍቶ፣ የሐመዱ ወንድሞች በሌላው። ዘንጉን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አጎቴን ፈለግኩ። አየኋቸው፤ ጎናቸው ክፍት ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

የሞተ አበጋር ቦታ እስኪተካ ድረስ ባዶ ይተዋል። ልጁ ከተቀመጠበት ተቀበለ ማለት ነው። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ! ግን እኔ የፈለግኩት አጎቴን ብቻ ነበር። ጎናቸው ሁልጊዜ ማን ይቀመጥ እንደነበር ለዚያች ቅጽበት ጠፋኝ።

ልነሳ ስል አንድ ሽማግሌ "ታኢ!" አሉኝ በኦሮምኛ። ቀጥለው በአማርኛ፣ "ተቀመጥ! ተቀምጠሃል እኮ።" የሐመዱ ታላቅ ወንድም ከሁሉም ቀድሞ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። አሚን ተባለ። በቃ።

እስከ ዐስር ሶላት ስሰማ ዋልኩ። ሦስት ጊዜ አፌን ልከፍት ስል ሦስቴም አጎቴ ጉልበቴን ተጫኑኝ። ተራዬ ሲደርስ ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋ። "ያሲን፣ የሐመዱ እግር እስኪድን ግመሎቹን ጠዋት ጠዋት አንተ ታጠጣለህ" አልኩ። ወደ ወንድሞቹ ዞሬ፣ "እናንተ አብራችሁት ወደ ወንዙ ትወርዳላችሁ። ማሽላውንም ሲያጭድ ማንም አይነካውም።"

ታላቅየው ብዙ አየኝ። "አባትህ እንዲህ አይልም ነበር" አለ። "ግን እንሞክረዋለን።"

ያሲን ተነሥቶ የታላቅየውን እጅ ያዘ። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ።

ሰኞ

ወደ ደሴ፣ ሚኒባስ ውስጥ።

ጠዋት አሚና ደወለች። ያሲን ማለዳ ግመሎቹን ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ ወርዷል፣ ከታላቅየው ጋር፣ ሁለቱ ብቻ። አልተመለሰም። እኔ ነኝ የላክሁት። አንድ ነገር ቢሆን እኔ ነኝ።

ሌላ ነገር ላስብ ብዬ ጽሑፉን አወጣሁ። "ለሥልጣን አስልቶ ነው" የሚለውን ሰረዝኩት። "ምናልባት የሚያውቀውን ሰው ፈልጎ ይሆናል" ብዬ ተካሁበት። መምህራችን ምንጭ ይጠይቀኛል። ምን እንደምለው አላውቅም።

ኮምቦልቻ ላይ አሚና ደግማ ደወለች። ተመልሷል። አልሐምዱሊላህ! ታላቅየው የግመል ወተት ቀድቶ ሰጥቶታል። ያሲን ግን አምኖ ለመጠጣት ፈርቶ የወተቱን ዕቃ ፊቱ አስቀምጦ ፈዞ ቀርቷል።

"አበጋሩን ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው" አለች። "ይጠጣው ወይ?"

"ይጠጣ" አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።