ከቆጠራ የወጣው ቢተው

መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ብልቃጥ አጥባለሁ። የደም ብልቃጥ። መተማ ዛሬ ትነዳለች፤ ደሙ እየደረቀ በጥፍሬ እፍቃለሁ። የምሠራለት ጣሊያናዊ የከብት ሐኪም ግን ደስ ብሎታል። የላም ደም ለጥንቸል በመርፌ ይወጋል። የጥንቸሉን የደም ውሃ ደግሞ ከጎሽ፣ ከፍየል፣ ከግመል ደም ጋር ይቀላቅላል። በጣም ከደፈረሰ የቅርብ ዘመድ፣ ካልደፈረሰ የሩቅ። ከድፍርሱ ተነስቶ ሁለቱ ከአንድ አያት ከተለያዩ ስንት ዘመን እንደሆናቸው ያሰላል። ደም እንደ ሰዓት ነው፣ በሁሉም ቤት እኩል ይሄዳል አለኝ።

ይሂድለት። ስሚኝ ደብተሬ፣ ትናንት አጎቴ አለቃ ምትኩ ዘር ቆጥረው ሰርጌን አፈረሱት። እኔና እጮኛዬ አያሌው ከአንድ አያት፣ ከድማስ እንወለዳለን። በሱ ወገን ስምንት ቤት፣ በኔ ስድስት። ሰባት ካልሞላ ጋብቻ የለም። ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ነበር፤ ጌሾው እንኳ ተወቅጧል። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሽማግሌ ፊት ቆጥረው ይዘጉታል። ደሜ ፈልቷል።

፲፫፣ ረቡዕ

አያሌውን አገኘሁት። የሽማግሌ ቃል ነው፣ ምን ይደረጋል አለ። ያን የሚያህል ቁመት ይዞ ምን ይደረጋል ይለኛል።

ዶ/ሩን ጠየቅሁት። አንዱ ቤት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቢወልድ፣ ሌላው በሃምሳው፣ ሰዓቱ እንዴት እኩል ይሄዳል? ሳቀብኝ። ብልቃጥሽን እጠቢ አለኝ።

ድማስ የኖረበት ዘመን ለኔም ለአያሌውም ያው አንድ ነው። እነሱ ቶሎ ቶሎ ወለዱ፣ እኛ ዘገየን። ይሄ ኃጢአት ነው? አለቃም ዶ/ሩም ሁሉን ቤት በአንድ ዱላ ነው የሚለኩ።

፲፭፣ ዓርብ

ሳሙና ልገዛ ሐቦባ ዘይነብ ሱቅ ገባሁ፤ ሐቦባ በሱዳኖች ቋንቋ አያት ማለት ነው። አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው የቤታችን ልጅ አሉኝ። ሁልጊዜ ለገበያ የሚሉት ይመስለኝ ነበር። ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉ፤ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ የዘራቸውን ነገር አወጉኝ።

አያታቸው ቢተው የድማስ ልጅ የገላው ልጅ ነው። የኔ ቅድመ አያት የመርሻ አባት። ሚስቱ ስትሞትበት ሕፃኑን መርሻን ለገላው ትቶ ሱዳን ተሻገረ። እዚያ አገባ፣ ሰለመ። ገላው የልጅ ልጁን በራሱ ስም አስጠራው፦ መርሻ ገላው። አባት የሌለው ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል፣ ያገር ልማድ ነው። ቢተው ግን በዚያው ከቆጠራ ወጣ።

እሱ ቆጠራው ውስጥ ሲገባ እኔ ሰባት ቤት ነኝ። ለሳቸው አያት የሆነው ሰው ለኔ የአያቴ አያት ነው። ይኸው እኩል የሚሄደው ሰዓት።

፲፮፣ ቅዳሜ

አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ያውቃሉ። ድሮም ያውቁ ነበር፣ አልደነገጡም። ሃይማኖቱን የካደ ሰው ስም በቤተ ክርስቲያን ደጅ አላነሳም፣ የአባትሽን አጥንት አታስወቅሺ አሉኝ። ስለዚህ ሞቶ የበሰበሰ ሰው እንዳይጠራ የኔ ትዳር ይቅር። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ፣ ልማድ አይለቅ። ደጅ ላይ አለቀስኩ። በንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

፲፯፣ እሑድ፣ ጠዋት ፩ ሰዓት

ነጠላዬን አጣፍቻለሁ። ሐቦባ ዘይነብ እመጣለሁ ብለዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ይጠብቁኛል። ሴት በሽማግሌ ፊት ዘር ቆጥራ አታውቅም ይላሉ። ትወቅ።

አለቃ ከድማስ ይጀምራሉ። ገላው ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ይወስዱና መርሻ ይላሉ። እኔ የምነሳው እዚያች ትንፋሽ ላይ ነው።