ጀርባህን የለካሁበት ቀን

አባዬ፣

ከተለየኸን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ደህና ናት። ከላንቴ የሚመጣውን ሙዝ መሸጥ አቁማ አሁን ቤት ነው የምትውለው። ጉልበቷን ያማታል፤ ስለ ጉልበቷ ከምታወራው ግን ስለ አንተ የምታወራው ይበልጣል፣ አብዛኛው ወቀሳ ነው። የግቢውን በር ስትሠራ ያጣመምከው መቀርቀሪያ እንደተጣመመ አለ።

እኔ ሥራ ይዣለሁ። የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪ ይሉኛል፤ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ምን እንደሚጎዳው እየዞርኩ እለካለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። ባለፈው ወር የሲቀላ ብየዳ ቤቶች ተራ ደረሰና አንተ ሠላሳ ዓመት የበየድክበት ቤት ለእኔ ወጣ። አሁን የጋሽ ቶማስ ነው፣ አብሮህ ሲበይድ የኖረው።

የምለካው ብየዳ ሲለኮስ የሚወጣውን፣ ለዓይን የማይታየውን ጨረር ነው። አልትራቫዮሌት ይባላል። አንተ «አሸዋ» ነበር የምትለው። ከሥራ ስትገባ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ ትልና እማዬ ጥሬ ድንች ቆርጣ ዓይንህ ላይ ታደርግልህ ነበር። ድንቹ ቀዝቀዝ ከማድረግ በቀር የሚፈውሰው ነገር እንደሌለ አልነገርኳትም።

ያኔ እማዬ ገበያ ስለምትሆን ከትምህርት ቤት ስወጣ የምመጣው አንተ ጋ ነበር። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና በቆርቆሮ የከለልከው የመበየጃ ጥግ ውስጥ ገብተህ ጀርባህን ትሰጠኛለህ። ደንበኛ ቢመጣም አትዞርም። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ጋሪ ለማስጠገን የሚመጡት ገበሬዎች ኩሩ ነው ይሉህ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሁለተኛ የወጣሁ ቀን ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ብመጣ፣ ሳትዞር «ወደ በሩ እይ» ብቻ አልከኝ። ያን ቂም ይዤው አደግሁ። ስንቀብርህም አብሮኝ ነበር።

ጋሽ ቶማስ እንደ አንተ አይደለም። ደንበኛ ሥራውን እንዲያይ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው የሚበይደው። በርጩማዋ ላይ ሚስቱ ተቀምጣ ሰው ትቀበላለች። መለኪያዋን እዚያ ባስቀምጣት፣ ለአንድ ቀን የሚፈቀደው ልክ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። መጋረጃ ይሰቀል ስለው ሳቀ፤ ተደብቆ የተሠራ ሥራ ማን ያምናል አለኝ።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ እስቲ አባቴ እንደሚቆመው ቁምልኝ አልኩት። ጥጉ ውስጥ ገባ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ለኮሰ። በርጩማዋ ላይ ያለችው መለኪያ ንባብ በጣም ወረደ፤ ጀርባው ጋርዶታል። ሌላ መለኪያ ደግሞ የብየዳ ጭምብሉ ውስጥ፣ በጆሮው በኩል አድርጌ ነበር፤ የእሷ ንባብ ግን ወደ በሩ ዞሮ ሲበይድ ከነበረው በለጠ። ጥጉ በግራም በቀኝም አንተ የመታኸው ቆርቆሮ ነው፣ ብርሃኑ ከዚያ እየነጠረ በጭምብሉ ጎን ይገባል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

በመጨረሻ ዓይንህን የጋረደው ሞራ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ በእድሜም ይመጣል። የሞትከውም በኩላሊት ነው። እኔ የማውቀው የለካሁትን ብቻ ነው።

ጋሽ ቶማስ ሁለቱን ንባቦች አየ፣ ሚስቱን አየ። በማግስቱ ወፍራም ሸራ ሰቀለ፣ ቆርቆሮውንም ጥቁር ቀለም ቀባው።

ቅጹ ላይ «የነበረው መከላከያ» የሚል ቦታ አለ። አንተ በምትቆምበት አኳኋን ከለካሁት ንባብ ትይዩ «የሠራተኛው ጀርባ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ እንዲህ የሚባል መከላከያ የለም ብሎ ቅጹን መለሰልኝ። ልክ ነው፤ «የለም» ብዬ ሌላ ቅጽ ሞላሁ። የመጀመሪያውን ግን አልቀደድኩትም፣ መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አለ።

አባዬ፣ ቂሜን ትቼዋለሁ፣ ይቅር በለኝ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ጀርባውን ሰጥቶ አሳደገኝ እላለሁ። አይገባቸውም። እስካለሁ ድረስ እየደጋገምኩ እነግራቸዋለሁ።

ልጅህ